ለኦፕራሲዮን ነው የገባችው?

ባሌ ሮቤ ላይ ሠርግ ከተጠራችሁ ከሙሽራዋ በፊት የምታዩት መብራት ነው። በግራ ሶፍት ቦክስ፣ በቀኝ ሶፍት ቦክስ፣ ከፊት ሪንግ ላይት፣ ከላይ ደግሞ አንዱ ረዳት በዱላ አስሮ የዘረጋው ኤልኢዲ። ሙሽራዋ መሀል ተቀምጣ ላቧን ትጠርጋለች። አንዲት አክስት ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ ምን ልታደርጓት ነው?»

«ልንቀዳት ነው፣ እትዬ።»

«ብያለሁ! በባዶ ሆዷ ነች ታዲያ?»

አክስትየው እውነት አላቸው። በአራት አቅጣጫ መብራት የሚከበብ ሰው ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ጥላ እንዳይኖር ነው። ፎቶ ላይ ግን አፍንጫን አፍንጫ የሚያደርገው ጥላ ነው። አንዱ መብራት የሌላውን ጥላ ሲያጠፋ፣ ሌላው የዚያኛውን ሲያጠፋ፣ ፊቷ የተላገ ጣውላ ሆኖ ቁጭ። «አፍንጫዋስ?» ሲባል ቀራጩ «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ይላል። ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከል ቢሆን ስንቱ ትዳር በተስተካከለ!

አንዱን መብራት ከዓይኗ ትንሽ ከፍ አድርገህ በጎን፣ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ብታቆመው በቃህ። በሌላው ጎን ነጭ ነገር ይኑር፤ ብርሃኑ እሱ ላይ ነጥሮ ጥላውን ያለሳልሰዋል።

«ሁለተኛው መብራትህ የታል?»

«አያቷ ለብሰውታል።»

የሽማግሌው ጋቢ ከየትኛውም ሪፍሌክተር አያንስም፤ ያውም ራሱ ይቀመጣል፣ ስታንድ አይፈልግም።

«መብራቱ ከረረባት፣ ራቅ አድርገው!» የሚል ደግሞ አለ። ወንድሜ፣ መብራት እንደ አማት አይደለም፤ ሲርቅ አይለሰልስም። ሶፍት ቦክስ የሚለሰልሰው ፊቷ አጠገብ ሲሆን ነው፤ ያኔ ከፊቷ አንጻር ግዙፍ ስለሚሆን ከብዙ ጎን ያቅፋታል። ስታርቀው ያንሳል፣ ጥላውም ይከርራል። ያ ብቻ መሰለህ? ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብትወስደው ብርሃኑ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ «ጨለመብኝ» ብለህ አይኤስኦውን ትሰቅላለህ፣ ምስሉ ላይ አሸዋ ይፈስሳል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትባል «የስንዴ አውድማ ነው፣ ባሌ አይደል!»

ሪንግ ላይትማ አታንሱብኝ። የሪንግ ላይት አባት የሆነው ክብ ፍላሽ በ1952 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለጥርስ ሐኪሞች ፎቶ ነበር፤ ሠሪው ሌስተር ዳይን የሚባል ሰው ነው። አፍ ውስጥ ጥላ እንዳይገባ ተብሎ። ቲክቶክ ላይ ሁሉም ጥርሱን ብቻ የሚያሳየን ለካ በምክንያት ነው! ሙሽራው ጣቷ ላይ አንድ ቀለበት አሰረላት፤ አንተ በሪንግ ላይትህ ነጸብራቅ ዓይኗ ውስጥ ሁለት አሰርክላት። ማንኛችሁ ናችሁ ያገባችሁት?

እናትየው ፎቶውን አይተው ሲቆጡም ሰምተናል።

«ልጄን ለምን አጠቆርካት?»

«ካሜራው ነው፣ እማማ።»

«ካሜራው የማን ልጅ ነው?»

ጥያቄያቸው እንደቀልድ አይታለፍም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ቀለሙን የሚያስተካክለው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ እየለካ ስለነበር ጠይም ፊት ብዙ ተበድሏል። የዛሬው ካሜራ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በአውቶ ስትተወው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይታገላል። ነጭ ቬሎና ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ የሚጨልመው ፊቷ ነው። በፊቷ ለካ እንጂ በቬሎዋ አትለካ! አንተ ሚስት ስታጭ በልብሷ ነው የለካሃት?

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። ሻማ 1,900 ኬልቪን ገደማ ነው፣ የድሮው አምፖል 2,700፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ደግሞ 5,500። አምፖሉን በቀኝ፣ መስኮቱን በግራ አድርገህ ስታነሳት ግማሽ ፊቷ ብርቱካን፣ ግማሹ ሰማያዊ ይወጣል፤ የየትኛው ክለብ ደጋፊ ነች ልንል ነው? አምፖሉን አጥፋው፣ ወይም መጋረጃውን ዝጋው፤ አንዱን ምረጥ። በሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ ከሆነማ ሽማግሌው፣ ጠጁም፣ ዶሮ ወጡም ሰማያዊ ነው። ከድንኳኑ አውጣት፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ቪዲዮው ላይ መብራቱ እየተርገበገበ ጥቁር መስመር ሲወርድ «ጂን ነው» ያለም አለ። ጂኑ ኤሌክትሪኩ ነው፤ የእኛ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሻተርህን 1/50 ላይ አድርገው፣ ጂኑ ይወጣል።

ሳነቴ አምባ ላይ ለፎቶ ሲወጡ ደግሞ አያድርስ። ከብድሬ የመጡ ሚዜዎች ሐረናን አልፈው ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ልክ በስድስት ሰዓት ይሰለፋሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ባርኔጣቸው በርቷል፣ ዓይናቸው ጉድጓድ ነው። ደመና ሲመጣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አውርዶ «ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቅ» ይላል። አንተ ሰው፣ ደመናው እኮ ነው ሶፍት ቦክሱ! በኪራይ አይደል፣ በሻንጣ አይደል፤ ምን አስቀየመህ?

ሌላኛው ደግሞ ርቃ የምትሄድ ቀይ ቀበሮ ላይ ፍላሽ ይተኩሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ካሜራ ላይ የተሰካ ፍላሽ የሚያደርሰው ጥቂት ሜትር ስለሆነ ያበራው ከፊቱ ያለውን ሣር ብቻ ነው። «ለምን አልታየችም?» ይለኛል። ለብርሃኑ የትራንስፖርት ከፍለህለታል?

ሶፍ ዑመር ዋሻ ላይ አንድ ልጅ ግን አፋችንን አስያዘን። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወይብ ወንዝ የቦረቦረው፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ የትኛው ኤልኢዲ ይበቃል? ልጁ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አሰረ፣ ሻተሩን 30 ሰከንድ ከፈተው፣ ከዚያ አንዲት የእጅ ባትሪ ይዞ የድንጋይ ምሰሶዎቹን ከጎን እየዳሰሰ በብርሃን ቀባቸው። እሱ ራሱ ሳይቆም ስለሄደ ፎቶው ላይ የለም፤ ምሰሶዎቹ ግን አሉ፣ ከነሽክርክሪታቸው።

«ባትሪዋ ስንት ብር ነች?»

«የአባቴ ናት። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚያበሩባት።»

ሦስት ሻንጣ መብራት ተሸክሞ የመጣው ጓደኛችን ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ እኔን ይሄን ሁሉ ስታንድ ለምን አስመጣችሁኝ?»

«ካፖርታችንን የምንሰቅልበት አጥተን።»