ቦርጭን አሳስቶ የመለካት ዘዴ

ሰውነትዎ ምን ያህል ስብ እንደያዘ ላለማወቅ ከቆረጡ፣ መጀመሪያ በኪሎ ብቻ ይመኑ። እግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠው ልጅ ዘንድ ጫማዎን ሳያወልቁ፣ ምሳዎን በልተው ይመዘኑ። በወሩ ደግሞ በሌላ ሚዛን፣ በባዶ ሆድ ይውጡበትና «ቀነስኩ» ብለው ያውሩ።

ቀጥሎ ቁመትዎን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙት፤ ኪሎዎን ለውጤቱ ያካፍሉ። ከ25 በታች ከሆነ ጉዳዩን ይዝጉት። ቤልጂጋዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ ይህን ስሌት ያገኘው «አማካዩን ሰው» ሲፈልግ እንጂ የአንድን ሰው ጤና ሲመረምር አለመሆኑን አይጠይቁ። ስሌቱ ብዙ ሕዝብ ለሚያጠና ሰው ዛሬም ይጠቅማል። ነገር ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንደተቀመጠም አይናገርም። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 66 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 23 ገደማ ነው። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ወገቡ ግን 96 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ስሌቱ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሰው ነው። በቆዳ ሥር ያለው ስብ የሚያደርሰው ጉዳት ያን ያህል አይደለም። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ግን የሚለቀው ቅባት በደም ሥር አድርጎ ወደ ጉበት ይገባል፤ ኢንሱሊንም እንደ ልብ መሥራት ያቅተዋል። ስኳርና ደም ግፊት የሚከተሉት ከዚህ ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ስኳር በሽታ ከሌላው ነዋሪ ባነሰ ክብደት ይይዛቸዋል። «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» የሚለው መጽናኛ ለእኛ አይበቃም።

ወገብዎን በሱሪ ቁጥር ይገምቱ። ይህ ከሁሉም የተዋጣለት ዘዴ ነው። ቦርጭ ሲመጣ ቀበቶው ቀስ እያለ ከሆድ በታች ይወርዳል፤ ሱሪው ያው 32 ቁጥር ሆኖ ዓመታት ያልፋሉ። ዘመድ «ተመችቶሃል» ሲል ምስጋና ይቀበሉ። ሜትር ማንሳት ግድ ከሆነ ሆድዎን ወደ ውስጥ ስበው፣ ትንፋሽዎን ይዘው፣ በወፍራም ሹራብ ላይ ጠበቅ ያድርጉት።

ሐቀኛው ልኬት የሚጠይቀው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ከታችኛው የጎድን አጥንት ጫፍና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ያለውን ቦታ በጣትዎ ይፈልጉ። ሜትሩን በባዶ ቆዳ ላይ፣ ከኋላም ሳይዘቀዝቅ፣ ሳያጠብቁ ያዙሩት። ትንፋሽዎን በወትሮው መንገድ ሲያስወጡ ያንብቡ። እንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ምክር ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን የሚል ነው፤ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ይህ ልኬት አይሠራም።

ከውጭ አገር የመጣልዎትን፣ የስብ መቶኛ የሚያወጣውን ሚዛን ደግሞ እንደ ላቦራቶሪ ይመኑት። ደካማ ኤሌክትሪክ በአንድ እግር አስገብቶ በሌላው ያስወጣል፤ ውሃ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፣ ስብ ግን ይቋቋማል። በጾም ቀን ውሃ ሳይቀምሱ ከወጡበት ስብዎ የጨመረ ሊያስመስለው ይችላል። የሆድዎን ነገር ከእግርዎ ተነሥቶ ነው የሚገምተው። ዋጋ የሚኖረው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ እየተመዘኑ ለውጡን ሲከታተሉበት ነው።

በመጨረሻ፣ ለጉንፋን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስለ ወገብዎ ትንፍሽ አይበሉ። ነርሷ ግፊትዎን ልትለካ ስትል «እቸኩላለሁ» ይበሉ፤ የስኳር ምርመራውንም ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት።