የማን እንቁራሪት ጠፋች?

በቢስቲማ፣ በክረምት ሌሊት ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ሦስት ዓይነት ነው፦ ላም የጠፋችበት፣ ሚስቱን ምጥ የያዛት እና ሌባ። ባለፈው ነሐሴ እኔና የእህቴ ልጅ አራተኛ ዓይነት ጨመርንበት።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምራል። እናቱ ግን ለሰው ስታስተዋውቀው ሥራውን ሳይሆን ዕድሜውንና አለማግባቱን ታስቀድማለች። ለዕረፍት ሲመጣ ለእሷ አንድ ነጠላ፣ ለራሱ ሁለት የግንባር ባትሪና አንድ ድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። እህቴ ሻንጣውን ስታይ የቀለበት ሳጥን ትፈልግ እንደነበር ፊቷ ያሳብቃል።

ሌሊት እንቁራሪት የመፈለግ አመል የያዘው ከፋ ሳለ ነው። ቦንጋ አካባቢ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሲዞር ከርሟል። እዚያ የዛፍ እንቁራሪት አለች። የጣቶቿ ጫፍ ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ታድራለች፤ የዓይኗ ብሌን ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው፤ እንቁላሏንም ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከውኃ ዳር እርጥብ አፈር ቆፍራ ትቀብራለች። ሳይንሳዊ ስሟን ከእንሰት ያገኘች ሌላ ትንሽዬም አለች። ይህን ሁሉ ሰምቼ «እሺ» ብዬ ነበር። «ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ» ላይ ስንደርስ ግን አስቆምኩት። ወገኗ ከዛፍ እንቁራሪቶች ነው፤ ኑሮዋ ግን ደጋ ላይ፣ ሣር ውስጥና መሬት ውስጥ ነው። ዛፍ አትወጣም። «ታዲያ በምን የዛፍ ሆነች?» ስለው «በዘር» አለኝ። ቢሮ የማይገቡ የቢሮ ኃላፊዎች ስለማውቅ ክርክሩን ተውኩት።

እንደ እሱ አባባል አገራችን ውስጥ በየብስም በውኃም የሚኖሩት የዚህ ወገን እንስሳት ከ70 ዝርያ በላይ ናቸው፤ ከመቶ አርባ ያህሉም ሌላ የትም አይገኙም። እኛ በሬን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ ብለን፣ ቡናን እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስንለይ፣ እነዚህን ግን «እንቁራሪት» እና «ጉርጥ» ብለን በሁለት ጆንያ ከተትናቸው። ፈረንጅ ቀደመን። የሸዋዋ የዛፍ እንቁራሪት በጣሊያናዊው ሐኪም በራጋዚ፣ የጎጃሟ በእንግሊዛዊው ተመራማሪ በያልደን ስም ትጠራለች። በ2013 ዓ.ም ከደጋችን የሣር እንቁራሪቶች አራት አዳዲስ ዝርያዎች ይፋ ሲሆኑ ግን አንዷ «ፕቲካዴና ዶሮ» ተባለች። በስንት ጊዜ አንዴ የራሳችን ስም ቢደርሰን እሱም የወጥ ሆነ።

ቢስቲማ የከፋ ደን የለም። ስለዚህ ጅረቱ ዳር ወዳለው ረግረግ ወረድን። ባትሪው ግንባር ላይ የሚታሰረው ለማማር አይደለም፤ ብርሃኑ ከዓይንህ አጠገብ ሲወጣ የእንስሳው ዓይን መልሶ ስለሚያበራልህ ነው። ሣሩን ሳበራበት ስንት ዓይን! ደስታዬን ሳልጨርስ «እነዚያ ሸረሪት ናቸው ጋሼ» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሬን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

በዚህ መሐል ነው አንድ ሼህ ከመስጊድ ሲመለሱ የደረሱብን።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ጠፋባችሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም ሼሁ። ምንም አልጠፋብንም፤ እንቁራሪት እየፈለግን ነው።»

አንዴ ባትሪያችንን፣ አንዴ ፊታችንን አዩና «የማን?» አሉ።

«የማንም አይደለችም። ዓይነቷን ለማወቅ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «በሉ አላህ ያገናኛችሁ» ብለውን ሄዱ።

ዱዓው ደረሰ። ጎንበስ ካለ ሣር ስር አንድ ተገኘ፤ ጀርባው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሽንትሮች፣ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ሹል። የሣር እንቁራሪት ነው። ብርሃኑን ቀነስ ስናደርግለት ከአገጩ ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት ብቅ አሉ፤ ተነፉ፤ ጮኸ፤ ሟሸሹ። እኔም «ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ የሞተችው የዚህ ዘመድ ናት» አልኩ። የእህቴ ልጅ ተቆጣ። «ስም ማጥፋት ነው ጋሼ! የሚነፋው ወንዱ ነው፤ ዝሆንም አላማረውም። ሚስት እየጠራ ነው። ሴቷ ዝም ብላ ታዳምጥና የወደደችው ድምፅ ጋ ትሄዳለች።» ዝርያውን ስጠይቀው ግን መልክ ብቻውን አያስፈርድም ብሎ መቅጃውን ደቀነና፣ እኔን ከነሸረሪቶቼ አቁሞ የሰው ሽምግልና ሲያዳምጥ አመሸ።

በማግስቱ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። ግማሹ ወርቅ ነው አለ፤ ግማሹ መድኃኒት። እኩለ ቀን ላይ ልጆች በራችን ላይ ተሰለፉ፤ የመጀመሪያው የያዘው ፌስታል ይንቀሳቀሳል።

«ጋሼ፣ ስንት ነው የምትገዙት?»

«አንገዛም። ካመጣህበት መልሳት።»

«ለቻይና አይደል እንዴ?»

«አይደለም።»

ልጁ ወደኋላ ዞሮ ለሰልፉ «ዋጋ እያወረዱ ነው!» አለ።

ቡናው ሲደርስ የእህቴ ልጅ ለጎረቤቱ ሁሉ ማስረዳት ያዘ፤ ምንም እንደማይሸጥ፣ ወንዱ እንደሚጠራ፣ ሴቷ እንደምትመርጥ፣ ድምፁን ያላሰማ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት እንደማያገኝ። እህቴ ስኒ እየቀዳች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«አብሽር ልጄ፣ ገባኝ» አለችው። «ይህን ሁሉ እያወቅክ ነው እንግዲህ ዝም ያልከው?»