ጥር የሚሉት መከራ

ጥር ባይኖር ምን ነበረበት? ጥምቀት ይዋል፤ ታቦቱ በሰላም ይግባ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ዐቢይ ጾም ይያዝ። መሐል ላይ የተሸጎጠችው የሠርግ ወራት ናት ሽማግሌ የምትጨርሰው። የሐሙሲት ጎረምሳ ሩዙን ሸጦ እጁ ብር ሲነካ የሚታየው ሚስት ነው። ሙሽራዋ ጥልፍ ትፈልጋለች፤ ጥልፉ ደግሞ እኔን።

ድሮ ንድፍ የሚያወጣው ጠላፊው ነበር። «መስቀሉ ይስፋ ወይስ ይጥበብ?» እላለሁ፤ እናትየዋ «አንተ ታውቃለህ» ትለኛለች፤ አለቀ። የዘንድሮዋ ሙሽራ ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ትደቅናለች። «አባባ፣ ይቺን። ግን አንገቱ ከዚህኛው፣ እጅጌው ከዚያኛው ይሁን።» መስቀል ላይ አበባ፣ አበባው ላይ ጣዎስ። እኔ የስፌት መኪናዬን እግር ነቅዬ፣ ጨርቁን በመወጠሪያ ወጥሬ፣ በሁለት እጄ እያዞርኩ ነው የምጠልፈው። መርፌው እዚያው በቆመበት ይወቅጣል፤ የሚሄደው ጨርቁ ነው። መሐል ላይ ቢያስነጥሱ ጣዎሱ ሁለት አንገት ያወጣል።

ይኼን ይዤ ሳለሁ ነው ወዳጄ ከች የሚለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ ያለው ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል። «ተነስ፣ ባሕር ዳር ክር እንግዛ» አለኝ። ስንደርስ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ካልተሻገርን ሞቼ እገኛለሁ አለ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው ነው፤ 380 ሜትር። መሄዱስ ይሁን፤ መመለስ የሚባል ነገርም አለ እኮ! ጉልበቴን እያሻሸሁ ክር ቤቱ ጋ ስንደርስ ተዘግቷል።

ሌላ ቀን ደግሞ ወረታ ሠርግ አለ ብሎ መጣ። «ሙሽራይቱ የለበሰችው ያንተን እጅ ነው። ሰው ላይ ሆኖ ካላየኸው ምኑን ጠላፊ ሆንክ?» በሚኒባስ ታጭቀን የጉማራን ወንዝ ተሻገርን። በመስኮቱ ሜዳው ይታየኛል፤ ሩዙ ታጭዶ ከብቱ ቃርሚያውን ይለቅማል። ልጅ ሳለን ይኼ ሁሉ የግጦሽ ነበር። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሲያጥለቀልቁት ሰው ይማረር ነበር፤ ኋላ ውሃ የማይጠላ እህል መጣና ውሃው ሀብት ሆነ። የፎገራ ላም ግን ግጦሿን ለሩዝ ለቃ ገለባ ታመነዥካለች። ወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል ተተከለላት። ለላሟ ያዘነላት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ዳሱ ውስጥ እንጀራው ከሙሽራዋ ቀሚስ ይነጣል፤ ጤፉ ከሩዝ ተደባልቆ ነው። ጠላውም ሩዝ ገብቶበታል አሉ። እሱን እንኳ አልነቅፈውም፤ ደጋግሜ ቀምሼ ያረጋገጥኩት ነው።

የነቀፍኩት ወዳጄን ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት የማይችል ሰው ዳሱ መሐል ቆሞ «ይኼን ንድፍ ያወጣነው እኛ ነን» ይላል። እኛ! ሴቶቹም ከበቡት። ልኬት ሲነግሩት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ አንዲቷን ወይዘሮማ ወገቧን በዓይኑ ለክቶ «ይበቃል፣ ገብቶኛል» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሲመሽ ሚኒባሱ ጠፋ፤ በኮንትራት ባጃጅ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ለፋሲካ የሚደርስ ቀሚስ እንደተቀበለልኝ አበሰረኝ፤ ጣዎስ ያለበት።

«ቀብዱስ?» አልኩት።

«በምን የተሳፈርን መሰለህ?» አለኝ።