ተከናንቦ የመተኛት መብት

የመኝታ ከረጢትን የፈጠረው ሰው ሐበሻ እንዳልሆነ ለማወቅ ፓስፖርቱን ማየት አያስፈልግም። ሐበሻ ሲተኛ መጀመሪያ የሚሸፍነው ራሱን ነው። እግር ቢተርፍ ይተርፋል፤ እግር ካልሲ አለው። ይኼ ከረጢት ግን እግርን እንደ አስከሬን ገንዞ ሲያበቃ ፊትን ለውርጭ አሳልፎ ይሰጣል። ዚፑ አገጭ ድረስ ይመጣና ይቆማል። ወደ ውስጥ ልስመጥ ካልክ የገዛ ትንፋሽህ ጨርቁን ያረጥበዋል። ኩርምት ማለትማ አይታሰብም።

ይህን ያሰብኩት መንዝ ጓሳ ላይ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመጋቢት ሌሊት። የጋበዘን ወዳጃችን «በረሃ እናያለን» ብሎን ነበር። አልዋሸም። ከገደሉ አፋፍ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስታይ የአፋር ቆላ ከታች ተዘርግቷል። ሙቀቱ እዚያ፣ እኛ እዚህ።

የሚያናድደው ደግሞ በምን በምን አልፈን እንደመጣን ነው። ደብረ ብርሃንን አለፍን፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላትን ከተማ! መንዝ ገባን፤ የባናና የዝተት አገር። የመንዝ በግ ቁመቷ አጭር፣ ጸጉሯ ሻካራ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ባና ዚፕ የለውም፤ ስለዚህ ዚፑ አይበላሽም። ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይከናነቡታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይነጠፍለታል። ከረጢቱን ለእንግዳ አንጥፈህ «ተቀመጡ» በል እስቲ።

አውሬው እንኳ ገብቶታል። ጭላዳ ያን ሁሉ ጋማ ተሸክሞም ሲመሽ ገደሉ ላይ ከዘመዶቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ቁጥሯ 500 የማይሞላው፣ ሜዳ ላይ ተጠቅልላ አፍንጫዋን ጭራዋ ሥር ትወሽቃለች። ተመልከቱ፤ ፊቷን ትሸፍናለች! ከረጢት ሠሪው ግን አላማከራትም።

ጠዋት ያየሁት ነገር ብርዱን አስረሳኝ። ከመካከላችን አንዱ መሬቱ ቢጎረብጠው ጓሳ የሚባለውን ሣር ነቅሎ ከድንኳኑ ሥር አንጥፎ ኖሯል። እሱው ራሱ ቁርስ ላይ ሣር ጠባቂውን ሽማግሌ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ያስተምር ጀመር። «አባባ፣ ማኅበረሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል።» ሽማግሌው «እሺ ልጄ» ይላሉ። ግንዛቤ! የአገሬው ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ይህን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ ቤቱ ቢያፈስ፣ ከብቱ ቢከሳ እስኪከፈት ይጠበቃል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የጥበቃ ሥርዓት ሲያፈርሰው ሌላ መላ አበጁለት። አንድ ሌሊት ለማደር መጥቶ የነቀለ ሰው፣ ከ300 ዓመት በላይ የጠበቁትን ያስተምራል። ትምህርቱን ሲጨርስ ድንኳኑን ጠቀለለ፤ የነቀለውን ሣር እዚያው ጥሎት ሄደ። ዝም ያልኩት ጾም ስለሆነ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ግን ሐሳባቸው ከረጢቴ ላይ ነበር። ዳበስ ዳበስ አደረጉትና ዋጋውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ስንት በግ ይሆናል?» አሉ። ማስላት ጀመርን። በሁዳዴ ሒሳብ ከሆነ በጉ ርካሽ ነው፣ ከረጢቱ ብዙ በግ ይበላል። ለፋሲካ ከሆነ ግን በጉ ይወደዳል፤ ከረጢቱም በዚያው ልክ ይረክሳል። «እንግዲያው ለፋሲካ ብትገዛው ይሻልህ ነበር» አሉኝ። በግ እንደሌለኝ ስነግራቸው በጣም አዘኑልኝ።

ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ወደ አዲስ አበባ መታጠፍ ሲገባን፣ አንዱ ደብረ ሲና ሳይወረድ ቆሎ እንዴት ይታለፋል አለ። ጣሊያን የበሳውን ዋሻ ለቆሎ ብለን አቋርጠን ወረድን። ሱፍ ያለበት ይሻላል፣ ኦቾሎኒ ያለበት ይሻላል የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሸኖን ስናልፍ ገና አላለቀም ነበር፤ ቆሎው ግን አልቋል።