የሠርግ ቦታ ልይ ሄጄ

የእህቴ ልጅ ሠርጓን ደሴት ላይ ልታደርገው ነው። እናቴ ቤት ቡና ላይ ወሬው የተነገረ ዕለት አንዷ ጎረቤታችን ሲኒዋን ቁጭ አድርጋ «ደቅ ደሴት ነው ወይስ ዝዋይ?» ብላ ጠየቀች። ጣናም ዝዋይም አይደለም፤ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው፣ ሲሸልስ። ከሲሸልስም ላ ዲግ የምትባለው፣ ጠቅላላ ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የሌላት ትንሽ ደሴት።

የሀብታም አምሮት እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚያ ልደግስ ብትል፣ ከዘመዶቿ ግማሹ ቪዛ ተከልክሎ የተመለሰ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። እዚህ ልደግስ ብትል ደግሞ የአዲስ አበባን ሠርግ ታውቁታላችሁ፤ የእድሩን ጠርቶ የማኅበሩን መተው፣ የላይ ሰፈሩን ጠርቶ የታች ሰፈሩን ማስቀየም አይቻልም፤ ስድሳ ሰው ያለችው ስድስት መቶ ይሆንባታል። ሲሸልስ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘውንም የአሜሪካ የያዘውንም ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ነው። ከቦሌ ከአራት ሰዓት ያነሰ በረራ ነው። ጅዳ የምትሠራው የሙሽራው እህትም ትመጣለች፣ እኔም እመጣለሁ። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ቤተሰቡን ፓስፖርት ሳይለየው የሚሰበስብ መሬት ፈልጋ አገኘች ማለት ነው። «እኔ ሄጄ ቦታውን አይልሻለሁ፣ ወረቀቱንም እጠይቃለሁ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከመሄዴ በፊት የወሩ ክርክር ነበር። መጀመሪያ ጥርን ነበር የመረጠችው፤ አገር ምድሩ የሚሞሸርበት ወር ነውና። ሲሸልስ ላይ ግን ጥር ዝናብ ነው፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ነፋስ ዝናቡን ይዞ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ሲሆን፣ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የሚብሰው የእነሱ ጃንዋሪ ነው። ቀጥሎ ሁዳዴ ይገባል፣ በጾም ሠርግ የለም። ከግንቦት በኋላ ደግሞ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ተነስቶ ባሕሩን ያናውጠዋል። ግንቦትን ራሱን እናቴ «በግንቦት አይዳርም» ብላ ከነጭራሹ አወጣችው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያ ቀረ፤ ደግነቱ በሁለቱ ነፋሶች መሀል ባሕሩ የሚረጋበት ጊዜ እሱው ሆነ። እናቴ ወሩ እንደተቆረጠ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እኔ ቤት አይሠራም» ብላ በርበሬዋን አሰጣች። እዚያ የሚቀርበው አሣ ጥብስ ነው ብትባል ግን አልቻለችም። «ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ የወጣን ሰው አሣ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ማር አስያዘችኝ። ቢጫ ካርዴን ይዣለሁ፤ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ የክትባቱን ካርድ ይጠይቃሉ፣ ክትባቱም ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ካርዱን አሳይቼ አለፍኩ፤ ማሩ ግን አላለፈም። ደሴቶቹ ለብዙ ዘመን ተነጥለው የኖሩ ስለሆኑ ሌላ የትም የማይገኝ ዛፍና ወፍ አላቸው፤ በሽታ እንዳይገባባቸው ማርና ሥጋ፣ ዘርና ተክል ያለ ፈቃድ አያስገቡም። ፈታሿ ትሑት ሴት ናት፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ጥሩ ማር ነው» ብላ በሁለት እጇ ወደ ጎን አኖረችው። ማሩን ያነጠረችው እናቴ ናት። እስክወጣ ድረስ ዞሬ ዞሬ አየሁት።

ከዋናው ደሴት ከማሄ ተነስቶ ፕራስሊን እስኪደረስ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ በሌላ ጀልባ ሩብ ሰዓት። ስለዚያ ሰዓት ብዙ አልልም፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሆድ የሚሆነውን ሁሉ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዝንጅብል ከረሜላ ሰጡኝ፣ ጀርባዬንም እየደጋገሙ አሹልኝ፤ ቋንቋችን ሳይገናኝ «አይዞህ» ማለታቸው ገባኝ።

ላ ዲግ ላይ መኪና ጥቂት ነው፤ ሰዉ የሚሄደው በብስክሌት ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ቁልፍ ከሰጡኝ በኋላ ብስክሌት ጎትተው አመጡልኝ። የእኔ ዘመን ልጆች ጃንሜዳ በሰዓት እየተከራዩ ሲለምዱ እኔ ኳስ ላይ ነበርኩ፤ ብስክሌት አልነዳም። በሱፍ ልብስ፣ ክራቫት አስሬ፣ የሰነዱን ማኅደር በብብቴ ይዤ እየገፋሁት ሄድኩ። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ደወላቸውን እያቃጨሉ አለፉኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን ወረደች። ብስክሌቷን ግንብ አስደግፋ መጣችና ኮርቻውን ከኋላ ያዘች፣ ውጣ አለችኝ በምልክት። ወጣሁ። እሷ እየገፋች ስትሮጥ፣ ጓደኞቿ ቆመው ሲያዩን፣ እኔ መሪውን አንቄ እስከ መታጠፊያው ደረስኩ። መታጠፉ አልሆነም፤ አጥር ውስጥ ገባሁ። ልጅቱ ከፀጉሬ ላይ ቅጠል ለቅማ፣ አዋራዬን አራግፋ፣ በአክብሮት እጅ ነሥታ ሄደች።

ቦታው አንስ ሱርስ ዳርዣን ይባላል፤ በድሮ የኮኮናትና የቫኒላ እርሻ ግቢ ውስጥ በክፍያ ታልፎ፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉበትን በረት አልፎ ይደረሳል። ዘንባባው ሲያልቅ ነጭ አሸዋ ይመጣል፣ አሸዋው ላይ ከቤት የሚበልጡ የግራናይት አለቶች ቆመዋል። እድሜያቸው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ልጅቷ ለምን እንደመረጠችው ሳየው ገባኝ፤ ቆሜ እንባዬ መጣ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩና በእርምጃዬ መለካት ጀመርኩ። ሙሽራዋ በዚህ ትገባለች፣ ሽማግሌዎቹ ጥላው ሥር ይሁኑ፣ ወንበሩ ከዚህ አለት እስከዚያ ይደርሳል፣ ኬኩ እዚህ። እየቆጠርኩ በማኅደሩ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔ ደጋ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ውሃ የሚሞላው በክረምት ነው፣ ጣናም ቢሆን በአንድ ቀን አይሞላም አይጎድልም። እግሬን ቅዝቃዜ ሲነካኝ ቀና ብል የለካሁት የሽማግሌዎች ቦታ ውሃ ሆኗል። ኬኩም ውሃ ውስጥ ነው። አንዱ ጫማዬ ቀስ እያለ ወደ ሕንድ ጉዞ ጀምሯል። ተከተልኩት፤ ውሃው ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ወገቤ ደረሰ። ማኅደሩ ውስጥ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ዋናው ነው ያለው! ጫማውን ትቼ፣ ማኅደሩን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ይዤ፣ የቀረበኝ አለት ላይ ወጣሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ይህ ሲሆን አለቱ ማዶ ሌሎች ሙሽሮች ፎቶ ይነሱ ነበር፤ ነጭ ቬሎ፣ ነጭ ሱፍ። ፎቶ አንሺው እጁን እያወናጨፈ «እባክህ ከሥዕሉ ውጣልኝ» ይለኛል። ወዴት ልውጣ? ሱሪዬ ይንጠባጠባል፣ ክራቫቴ ትከሻዬ ላይ ተለጥፏል፣ ወረቀቱን ወደ ሰማይ ይዣለሁ። ሙሽራዋ በመጨረሻ እጇን አውለበለበችልኝ፣ እኔም ማኅደሩን አውለበለብኩላት። የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ አልበም ውስጥ አለሁ፤ ትዳራቸውን ይባርክላቸው።

ያወረደኝ ኮኮናት ሻጩ ነው። ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ፣ መጀመሪያ ማኅደሩን ተቀበለኝ፣ ከዚያ እጄን ይዞ ከእልፍኝ እንደምትወጣ ሙሽራ በቀስታ መርቶ ወሰደኝ። ኮኮናት ቀዶ ሰጠኝና ነገሩን አስረዳኝ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ይበረታል። ሲጎድል ያ የለካሁት አሸዋ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ሠርግ የሚቆርጡ ሰዎች ሰዓቱን የታተመ ሠንጠረዥ አይተው ነው የሚወስኑት።

ማታ የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለች። ሁኔታዬን ስታይ «ጋሼ፣ ጫማህስ?» አለች። ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና መሀል ላይ ድምፅዋ ተለወጠ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱስ?» አለች። ደረቅ ነው ብዬ አንድ በአንድ እያወጣሁ ለካሜራው አሳየኋት።

ቪክቶሪያ ከተማ የጋብቻ ጉዳይ ቢሮ የገባሁት በሱፍ ልብስና ከሱቅ በገዛሁት ነጠላ ጫማ ነው። ጸሐፊዋ እግሬን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ወንበር ሰጠችኝ። በመደበኛው ሙሽሮቹ 11 ቀን ደሴቱ ላይ መቆየት አለባቸው፤ ልዩ ፈቃድ ሲከፈል ግን ወደ ሁለት ቀን ያጥራል። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር፣ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። የእኛ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በተፈጸመበት አገር ሕግ ትክክል የሆነን ጋብቻ ይቀበላል። ለእናቴ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። ተመልሰው እዚህ ተክሊል እስኪደርሱ ሙሽራዋ ከአክስቷ ክፍል አትወጣም ብላ ቆርጣለች፣ ልጆቹም እሺ ብለዋል። የጨረቃዋንም ነገር ስነግራት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁትን ቄስ ጠርታ ቀኖቹን አስቆጠረች፤ ከሠንጠረዡ ጋር አስተያየነውና ባሕሩ ከሰዓት በኋላ የሚጎድልበትን ቀን ያዝን።

ተክሊሉም መልሱም አዲስ አበባ ነው። እናቴ በጉልበቷ የተነሳ ጀልባው ላይ አትወጣም፤ መልሱን ግን ለማንም አልሰጥም ብላለች፣ በሬው ተገዝቷል፣ በርበሬውም ደርቋል። ስድሳውም እዚህ ተረስቶ ድንኳኑ ለሦስት መቶ ሰው ተነግሯል። እናንተም ተጠርታችኋል፣ አትቅሩ።