ለድጡም ለማጡም

የአጎቴ ልጅ ዴንቨር ነው ያለው፤ ኮሎራዶ። የሚደውልልኝ እኔ እራቴን በልቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ጋደም ልል ስል ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሱ ዘንድ ያኔ ረፋድ ስለሆነ ድምፁ ትኩስ ነው። እናቴ እንዴት ናት አይል፣ ዘንድሮ ቡናው ያዘ ወይ አይል። «ጋሼ፣ አላገኘሁትም እኮ!» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ ሦስት ዓመቱ ነው።

ያላገኘው ስኪ ነው። በረዶ ላይ ሊንሸራተቱበት ጫማ ላይ የሚታሰር፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል ጥንድ ነገር። የእሱ ደግሞ እንዲሁ ስኪ አይደለም። ለትልልቅ ተራራ የሚሆን፣ ለማንኛውም ዓይነት በረዶ የሚበቃ፣ በየቀኑ የሚደረግ፣ ደግሞም ቁጡ መሆን አለበት። እኔ ቁጡ በሬ አውቃለሁ፤ ቁጡ ንብም እኔ ባለሁባት በሸካዋ ጌጫ ሞልቷል። ቁጡ ጣውላ ግን ከእሱ ነው የሰማሁት። ቁጡ ማለት፣ እንዳብራራልኝ፣ የሚነዳው ሰው ካልተቆጣ የማይታዘዝ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ በሕይወቱ የተቆጣው አንድ ጊዜ፣ ያውም ስልኩ ቻርጅ ሲጨርስበት ነው።

«በየቀኑ» የምትለዋ ቃል ከንክናኝ አንድ ምሽት ጠየቅሁት። «በዓመት ስንት ቀን ትንሸራተታለህ?»

«አምስት… ስድስት ቀን። ሥራ አለ እኮ ጋሼ።»

መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። እያደር ግን ሰውየው ጠቢብ መሆኑ ገባኝ። ስኪ ከእግር ሥር ጠበብ ሲል፣ 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በጠጠረው በረዶ ላይ ጠርዙ ቶሎ ይነክሳል፤ አዲስ የወረደ ዱቄት በረዶ ውስጥ ግን ይሰጥማል። ሰፋ ብሎ 110 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ዱቄቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠጣሩ ላይ ግን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ይለግማል። ውስጡ የብረት ንጣፍ ያለው ግትሩ በፍጥነት ሲወርዱበት አይንቀጠቀጥም፤ ቀስ ለሚል ሰው ግን አሻፈረኝ ይላል። ለስላሳው ለሁሉም ይታዘዛል፤ ሲሮጡበት ግን ይርገፈገፋል። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ የሚሻው ጠባብ ሆኖ ሰፊ፣ ግትር ሆኖ ለስላሳ የሆነውን አንዱን ነው። አምና ክረምቱን ሙሉ 98 ይሻላል ወይስ 102 ሲል ከረመ። አራት ሚሊ ሜትር! አራት የጤፍ ፍሬ ቢደረደር ነው። በዚያ ክረምት ስንት ቀን እንደወጣ አልጠየቅሁትም፤ ጠቢብን ማሳፈር ነውር ነው።

እኔን የሚያማክረኝ «አንተ የተራራ ሰው ነህ» ብሎ ነው። አልዋሸም። ዴንቨር ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ጌጫ ከ2,000 በላይ ናት። ወደ ቴፒ ስንወርድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። በረዶው የለንም እንጂ መንሸራተቱ አለን። ሸካ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ደረቅ የሚባለው ወር እንኳ ከልቡ አይደርቅም። ጫካችንን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦልናል። ከዋናው መንገድ እስከ ቤቴ ያለውን ጭቃ ግን እስካሁን የመዘገበው የለም።

የዚህ ጭቃ ዓይነቱም እንደ እሱ በረዶ ብዙ ነው። ድጡ አለ፤ ከላይ ሳሙና የተቀባ፣ ከሥሩ ደንጊያ የሆነ። ማጡ አለ፤ እግር ገብቶ ጉልበት የሚከተልበት። የእሱ ጠጣር በረዶ ድጣችን ነው፣ የእሱ ዱቄት ማጣችን። አባቶቻችን «ከድጡ ወደ ማጡ» ሲሉ ስለ ኑሮ የተናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከእግር ሥር ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን ማለታቸው ኖሯል።

የእኛ ስኪ ቦቲ ነው። በየቀኑ የሚደረገውም እሱ ነው፤ በየቀኑ ስለሚደረግ ግን ማንም በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም። ቦቲም እንከን አለው። ሶሉ ጥርስ ካለው ድጡን ይነክሳል፤ ጥርሱ መሀል ጭቃ ሲሞላ ግን ሁለት ኪሎ ይጨምራል። አንገቱ ረጅም ከሆነ ማጡ አይገባበትም፤ ግን ማጡ ራሱን ቦቲውን ይዞ ያስቀርና እግር ብቻውን ይወጣል። ኮንጎ ጫማ ቀላል ነው፤ ውኃ እንደገባበት ይወጣለታል፤ ጠጠርም እንደዚሁ ይገባበታል። በረባሶ አለ፤ እሱ እንኳ ክብር ይገባዋል። ከመሠራቱ በፊት የአይሱዙ ጎማ ሆኖ አገሩን ሁሉ ዞሮ የተፈተነ ጫማ ነው። የትኛው የአሜሪካ ፋብሪካ ነው ዕቃውን ከመቁረጡ በፊት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያስኬደው?

እና አሰብኩ። የአጎቴን ልጅ ጥበብ ለምን ወደ ጌጫ አናመጣም? ለድጡም ለማጡም፣ ለዳገቱም ለቁልቁለቱም የሚሆነው አንዱ ጫማ እስኪገኝ ማንም ከቤቱ አይውጣ።

ለምሳሌ ጋሽ እገሌ ሐሙስ ሌሊት ዐረፉ እንበል። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቃሬዛው ተዘጋጀ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው፤ ቁልቁለት አለ፣ ጅረት አለ፣ ከዚያ ዳገት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እግሩን አየት አድርጎ «ይህ ቦቲ ለቁልቁለቱ ይሆናል፤ ለዳገቱ ግን ይከብዳል» አለ። ሁለተኛው «የእኔ ለዳገቱ ነው፤ ጅረቱ ላይ ግን አላምነውም» አለ። የዕድሩ ዳኛ አስተዋይ ሰው ናቸውና ቃሬዛውን አስቀምጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አምስት አባልና አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ያዘ፦ ሟች ታጋሽ ሰው ስለነበሩ አሁንም እንደሚታገሡ ኮሚቴው ያምናል።

በሣልስቱ ሁለት ሰዎች ሚዛን ተላኩ። በሚዛን ያለው ሁሉ ለሚዛን ጭቃ እንጂ ለጌጫ አይሆንም ብለው ተመለሱ። በሰባተኛው ቀን ጅማ ተላከ። ከዚያ መርካቶ። ከመርካቶ ሦስት ዓይነት ናሙና መጣ፤ ናሙና ደግሞ ሳይፈተን አይገዛም። ጋሽ እገሌን ለሙከራ ማንሳት ድፍረት ስለሆነ ከኮሚቴው አንዱ በፈቃዱ ቃሬዛው ላይ ተኛ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ጣሉት። እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ ለጸሐፊው ሐሳቡን አስመዘገበ፦ «ሶሉ ጥሩ ነው፤ ከተረከዙ ግን ትንሽ ይለሰልሳል። እንደ ሬሳ ስናገር አልተመቸኝም።»

አርባው ደረሰ። ካህኑ ያልተቀበረ ሰው ተዝካር አይወጣለትም አሉ፤ ሚስትየዋ ጠላው ደርሷል አሉ። ጠላ አይጠብቅምና ተዝካሩ ከቀብሩ ቀደመ። ሟች ጓዳ ሆነው፣ ሕዝቡ ሳሎን ሆኖ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ከበረካው በኋላ ኮሚቴው ሪፖርት አቀረበ፦ ትክክለኛው ጫማ ተገኝቷል፤ ችግሩ የመጣው 42 ቁጥር ብቻ ሲሆን ከተሸካሚዎቹ አንዱ 39፣ አንዱ 44 መሆኑ ነው። ጫማ ይለወጥ ወይስ ተሸካሚ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ወጣ። የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሚስትየዋ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ጎረቤቶቻቸውን ሦስት ሴቶች ጠሩ፣ በኮንጎ ጫማቸው ቃሬዛውን አንሥተው ጅረቱን ተሻግረው ባላቸውን ቀበሩ። ኮሚቴው ሴቶቹ ያለ በቂ ጥናት መሄዳቸውን በቃለ ጉባኤ ነቅፎ ለሚቀጥለው ሟች ዝግጅት ጀመረ።

ሌላው ቀላል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጫማው እስኪገኝ ጠብቃ ነፍሰ ጡሯ ቤት ስትደርስ በር የሚከፍትላት ልጁ ይሆናል። ታች ወደ ቴፒ ያለችኝን የቡና ማሳ ጦጣዎች ይለቅሙልኛል፤ እነሱ ስለ ጫማ አይከራከሩም።

ክልላችን እንኳ ከአጎቴ ልጅ ይሻላል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አንድ ከተማ ለሁሉ አይበቃም ተብሎ መቀመጫው ለአራት ተከፈለ፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒ። ለጉዳይ የሚመላለስ ሰው ሌላ ነገር ሊል ይችላል፤ ቢሆንም ክልል አራት ሲይዝ አንድ ሰው ሁለት ጥንድ ስኪ ቢይዝ ምን ነበረበት? ይህንን ነግሬው ነበር። «ሁለት ከሆነማ ጠዋት የትኛውን እንደምይዝ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። በእኛ ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው አለ። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ብሪታኒያዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያጠና እንዳሳየው፣ የዚህ አፈር ረቂቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባና ተጋላጭ በሆነው ሰው ላይ እግሩን ያሳብጠዋል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል። ሰዉ ግን በሽተኛውን ያገልላል፤ ከዚያ ቤት ልጅ አያገባም። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። የትኛው ጫማ? የተሸፈነ ማንኛውም ጫማ። ስፋቱን የጠየቀ የለም። የአጎቴ ልጅ፣ ስኪው ምንም አልጎደለውም፤ አንተ ነህ ከቤት የማትወጣው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ታሪካችን በእሱ ዓይነት ጥንቃቄ ስላልተመራ ብዙ አጥተናል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አዲሱ ጫማ አልተስማማው ሲል ምን አደረገ? አውልቆ ሮጠ፤ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ። ችኮላ! ትንሽ ቢታገሥ የሚስማማው ጫማ ይገኝ ነበር፤ ማራቶኑ ቢያልፍም። (በባዶ እግር መሮጡን ጀግንነት ነው እያልን ለልጆቻችን ጫማ እንዳንነፍግ ብቻ፤ ራሱም በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው።) ሮቤል ተክለማርያም ደግሞ አለ። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ ቀጥሎም በ2010 ቫንኩቨር አገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረው። በረዶ በሌለበት አገር ጎማ ያለው ስኪ አድርጎ አስፋልት ላይ ተለማመደ። ሁኔታው ተስማሚ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። የአጎቴ ልጅ ስለ እሱ ሲሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር ነበር?» የሚል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። እንደ ልማዱ በምሽት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፤ እሱ ዘንድ ውድቅት ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። እኔ ከማሳው እየተመለስኩ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ግማሽ ኩንታል ጀንፈል፣ አንድ እጄ ጆንያው ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ። «ጋሼ፣ አገኘሁት!» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ከልቤ። «ስኪው ተገኘ፤ አሁን የቀረኝ ለሱ የሚሆን ጫማ ነው» አለ። ይህን ለመስማት ቆም ማለቴ ነው ያጠፋኝ። ማጥ ላይ አይቆምም። ቀኝ እግሬ ቀስ እያለ ወረደ፤ ስጎትተው እግሬ መጣ፣ ቦቲው ቀረ።

«ምንድን ነው ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ቦቲዬን ማጥ ዋጠው።»

ዝም አለ። ያዘነልኝ መሰለኝ።

«አንገቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር?» አለኝ።