ውስጡን ለቄስ

በእኛ ጊዜ ዝገት እንኳ ይሉኝታ ነበረው። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ብቅ ይልና «መጥቻለሁ» ብሎ ያስታውቃል፤ ባለቤቱ ቀለም እስኪገዛም ይታገሣል። የዛሬው ዝገት በጓሮ ገብቶ፣ ከምንጣፍ ሥር ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ያለ የሌለውን ብረት ከጨረሰ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጠው። ሰው ይፈርድልኛል ብዬ ሳማርር ደግሞ አገሩ ሁሉ ለዝገቱ ያዳላል። «ያረጀ መኪና ነው፤ ምን ይደረግ?» ይሉኛል። ጉልበቴን ያመኛል ስላቸውም መልሳቸው ከዚህ አይርቅም።

ያረጀ የሚሉት ፔጆ 404 ስቴሽን ዋገን ነው። ላልደረሰበት ትውልድ ላስረዳ። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ሲወጣ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነበር። ስቴሽን ዋገኑ ለጥቆ መጣ፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር ከ84፣ ከአውቶሞቢሉ በ19 ሳንቲ ሜትር የረዘመ። የቤተሰብ የተባለው ዓይነት ሦስት ረድፍ ወንበር አለው። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ልጆች፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ያዘለችው ሕፃን፣ አገልግሉና ዘንቢሉ ሁሉ ገብቶ ሶደሬ ይወርዳል። ማንም «ጠበበኝ» አይልም፤ ቢልስ ማን ይሰማዋል? ወንድሙ አውቶሞቢሉ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ያ ሁሉ የኬንያ ጭቃ ያላንበረከከውን ዘር በመጨረሻ ምን አንበረከከው? እርጥብ ሞኬት።

ነገሩ የታወቀው በክረምት ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ «እግሬን ውሃ ነካኝ» አለች። ዝናብ ነው፣ ጫማሽ ነው አልኳት። ጥቂት እንደሄድን «መንገዱ ይታየኛል» አለች። «መስኮት የተሠራው ለዚያ አይደል? እይ!» አልኳት። «በመስኮት አይደለም» አለችኝ።

ዳር ይዤ ሞኬቱን ገለጥኩት። ከሥሩ ያለው የጆንያ ንጣፍ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ብረቱን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ተነሣ፤ ካቻቢቴው ከእጄ አመለጠና አስፋልት ላይ ወደቀ። ልብ በሉ፤ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጣልኩትን ዕቃ ለማንሣት በሩን ከፍቼ መውረድ ነበረብኝ።

ዝገት ተአምር አይደለም። ብረት ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ጨው ከታከለበት ይፈጥናል። የባሰው ግን ዝገቱ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ መያዙ ነው። ሁለት ላሜራ በተጋጠመበት መካከል ይገባና እያበጠ ይፈለቅቃቸዋል። ከውጭ ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ ሲነፋ «ዝገት ጀመረኝ» የሚል ሰው አለ። የምን መጀመር! ጨርሶ እየወጣ ነው እንጂ። የዚያን ዘመን መኪኖች ላሜራቸው እንደ አሁኖቹ በዚንክ የተለበጠ አልነበረም። በሮቹም ሆኑ ከበሮቹ ሥር የተዘረጋው ሳጥን ብረት ውሃ የሚያፈሱባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነሱን ጭቃ ሲደፍናቸው ሳጥኑ ኩሬ ይሆናል። የመስተዋት ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ስቴሽን ዋገን ደግሞ መስተዋት ይበዛዋል፣ የኋላ በሩም ሰፊ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚወርደው ዝናብ ይህ ሁሉ በር ተከፍቶለት አልገባም ይላል?

ዋናው ተከሳሽ ግን በግ ነው። ዓመት በዓል በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ በግ በማን መኪና ይመጣል? ኋላው ሰፊ ነው ተብሎ በእኔ። በግ መኪና ላይ ሲወጣ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ የሚያደርገውን ያደርጋል። የሚያደርገው ነገር ደግሞ ጨው አለበት። ሥጋው በየቤቱ ድስት ተከፋፍሎ ተበላ፤ ጨዉ እኔ ወለል ላይ ቀረ። አሁን ወለሉን ሳስበይድ ግን «ድርሻዬን ላዋጣ» ያለ አንድ ጎረቤት የለም። ቅርጫ ሲሆን ሁሉም ሰው ድርሻውን ያውቅ ነበር።

ምክርማ ሞልቷል። አሜሪካ ያለው ልጄ በቪዲዮ ደውሎ «አባዬ፣ ሽጠውና እረፍ» ይለኛል። ምኑን ልሽጠው? ጣራ፣ መሪና ትዝታ? የሚገዛውስ ሰው እግሩን የት ያሳርፋል? አጠገባችን ያለው ጎረምሳ ደግሞ «ጋሼ፣ ለምን ኤሌክትሪክ አይገዙም?» እያለ ይመክረኛል። የእሱ መኪና ሲመጣ አይሰማም። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዬ የሚቆም ነገር፣ ሰውም ቢሆን አልወድም። ለነገሩ ልጁ ምን አጠፋ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። እኔ የተረዳሁት፣ መንግሥት በእጅ አዙር «ያለህን ወለል በይድ» እንዳለኝ ነው። እነሆ ታዘዝኩ።

ባትላሜራ ፍለጋ ወጣሁ። የማውቃቸው ጋራዦች ግማሾቹ በመልሶ ማልማት ተነሥተዋል፤ ቀሪዎቹ ለልጅ ተላልፈዋል። መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ መኪናውን አንዴ ዞር ብሎ አየና «ፋዘር፣ ችግር የለም» አለኝ። ይህን ቃል ስሰማ ችግር እንዳለ አውቃለሁ። «ስቱኮ እንጥልበትና ቀለም እንቀባዋለን። አዲስ ነው የሚሆነው።»

«ወለሉስ?»

«ወለሉን ማን ያየዋል፣ ፋዘር?»

ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከማጠናከሪያው ጋር ተለውሶ ስስ ተደርጎ ሲቀባ፣ መዶሻ ያላቀናውን ያቃናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግም ልስልስ ይላል። ብረት ግን አይደለም። ዝገት ላይ ከተጫነ እርጥበት ይመጥጣል፤ ወፍሮ ከተለጠፈ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል። እኔ ከኪሴ ማግኔት አይጠፋም። እዚያው ግቢ ውስጥ አዲስ ቀለም ተቀብታ የምታብረቀርቅ አንዲት መኪና ቆማ ነበርና በሯ ላይ ማግኔቱን ባስጠጋው መሬት ወደቀ። ትንሽ ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ አሁንም ወደቀ። የያዘው እጀታው ላይ ብቻ ነው። ልጁ «ፋዘር፣ ማግኔትዎ አርጅቷል መሰለኝ» አለኝ። በዚህ አገር እንግዲህ ማግኔትም ያረጃል።

ሁለተኛው ሰው ብረት ይሻላል የሚል ነበር፤ ብረቱ ግን የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። «28 ጌጅ ነው የማደርግልዎ፤ ከ32ቱ ይወፍራል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። ይሁንና 28ቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የመኪና ወለል ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ላሜራ ይፈልጋል። ቆርቆሮው በዚያ ላይ ዚንክ የለበሰ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ዚንኩ ይተንና ጭሱ በያጁን ትኩሳት ያስይዘዋል። ይህንኑ ብነግረው «ወተት ይገዙልኛላ!» አለኝ። መኪና ላሠራ እንጂ ላም ላረባ አልመጣሁም ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አያንስም፤ በማማረር ግን ይበልጠኛል። ደስ አለኝ። ወንበሩን ሁሉ አስወጥቶ፣ ሞኬቱን ገፎ፣ በትንሽ መዶሻ ወለሉን ቀስ እያለ ይመታ ጀመር። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰውን በጠመኔ ያከባል። ክቡ ከሾፌሩ እግር ሥር ተነሣ፤ ወደ ባለቤቴ እግር ተሻገረ፤ ከኋለኛው ወንበር ሥር አልፎ በጎቹ ከሚቆሙበት ደረሰ። ጠመኔው አለቀ። ረዳቱን «ሌላ ጠመኔ!» ብሎ ሲጣራ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህ መኪና ለብቻው ሻንሲ የለውም» አለኝ። «ሻንሲው ይኸው ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን ብረት ነው። ባንዴ ሁለቱን ጎን ቆርጠው ቢያወጡት ወገቡ ይጎብጥና በሮቹ አይገጥሙም።» ስለዚህ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ መደገፊያዎቹን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ በየበሩ ክፍት ላይ ቱቦላሬ በፑንታ አሰረ። መቁረጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም አንዱን ጎን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። የሚቆርጠው ደግሞ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ርቆ ነው። የበሰበሰ ብረት ላይ የበየዱት ጥገና ከመርካቶ ተነሥቶ ፒያሳ አይደርስም።

ቀዳዳውን በካርቶን ለካ፤ በካርቶኑ ላሜራውን ቆረጠ። ከዚያ ያደረገውን ላውራ። የፋብሪካው ወለል ዝርግ አይደለም፤ ጎድጎድ ያሉ ረጃጅም መስመሮች ታትመውበታል። ጌጥ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ብረቱን የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። ዝርግ ላሜራ ብቻ ከተበየደ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ከበሮ ይመታል። ሰውዬው ጣውላ ላይ ቦይ ቆፍሮ፣ ላሜራውን በላዩ ዘርግቶ፣ ክብ ብረት አጋድሞ በመዶሻ እየመታ እያንዳንዱን መስመር በእጁ አወጣ። ማንም የማያየውን መስመር! ሞኬት የሚለብስበትን! «ይህን ማን ያየዋል?» ብዬ ሆን ብዬ ነካካሁት። «እኔ አየዋለሁ» ብሎ መዶሻውን ቀጠለ።

ብየዳውም ጥድፊያ አይወድም። የጋዙ ነበልባል ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል፤ ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ቦታ ከቆዩበት ብረቱ ይንሻፈፋል። ስለዚህ እዚህ አንድ ፑንታ፣ እዚያ ማዶ አንድ ፑንታ፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ሻይ። ረዳቱ «ባንዴ ልጨርሰው» እያለ ሲቁነጠነጥ ሽማግሌው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለዋል። ሻዩን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ለረዳቱ ሐሳብ ትንሽ ሳላዘነብል አልቀረሁም። የጎን አካሉም በዚሁ ወግ ሄደ። የፓራፋንጎው የታችኛው ጫፍ፣ ጎማው ጭቃ የሚረጭበት፣ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተተካ፤ የኋላ በሩ የታችኛው ከንፈርም እንዲሁ። ስቱኮ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በስሱ ተቀባ፤ ማግኔቴም ያዘ።

ሒሳቡን ስሰማ ጉልበቴ ራሱ ብየዳ ፈለገ። ይሁን፤ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ለቀለም ሲባል ሳይከራከር ኪሱን የሚፈታ ሰው፣ ለወለል ሲባል ለምን ይጨቃጨቃል? አጥራችንን ለመንገደኛ እንቀባለን፤ ጓዳው ያፈሳል። ሳሎኑን ለእንግዳ እናስጌጣለን፤ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ከዚያ አንድ ቀን እግራችን መሬት ሲነካ «ያረጀ ነው» ብለን ዕድሜን እንከሳለን። ዕድሜ ምን አደረገ? ወለሉን የበላው ከምንጣፍ ሥር ገልጦ ማየት የተጠየፈ ዓይን ነው።

አሁን ደንብ አውጥቻለሁ። ካትራሜ የሚቀባው ብረቱ ጸድቶ አንቲራስት ከለበሰ በኋላ ብቻ ነው፤ ዝገት ላይ የተቀባ ካትራሜ ውሃውን አፍኖ ያስቀምጠዋል። ከበር ሥር ያሉት የውሃ ቀዳዳዎች በየክረምቱ መግቢያና መውጫ በሽቦ ይጠረጋሉ፤ ሳጥኑ ውስጥም ዘይት ይረጫል። ሞኬቱ ከረጠበ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በግ በእግሩ ይመጣል፤ እግሩን ካመመው በጋሪ። ዘመድ ነኝ የሚል በግም ቢሆን ከዚህ ደንብ አይወጣም።

ይህን ሁሉ አድርጌ መኪናውን ሰፈር ይዤ ብገባ፣ ያ ኤሌክትሪክ ያለው ጎረምሳ ዞር ዞር ብሎ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ምንም አልተለወጠም እኮ! ቀለሙ ያው ነው። ገንዘቡን ምን ላይ አዋሉት?» ቀለሙ ያው መሆኑማ እውነት ነው፤ ለቀለም የተረፈ ሳንቲም የለም። ለእሱም፣ እንደ እሱ ለሚጠይቀኝ ሁሉም መልሴ አንድ ነው። ጋቢ አበድራለሁ። መሬት ላይ አንጥፎ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ከሥር ገብቶ ያየ ሰው አስተያየቱን ይስጥ። ልብሴ ይቆሽሻል የሚል ዝም ይበል።